አንድ ስንዝር ክር

በበቾ ሜዳ ላይ አዋሽ ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚሄደው። በመስከረም ማብቂያ ላይ ከሰበታ ተነስቼ እዚያ የወረድኩት አሳ ላጠምድ ነበር፤ አጥማጅ ግን አይደለሁም። ወፍራም ናይለን ገዝቼ እስከ መንጠቆው ድረስ እንዳለ አሰርኩት። ትል ሰክቼ እስከ እኩለ ቀን ተጎለትኩ። አንዴ ተነከሰልኝ፤ ስስበው መንጠቆው ባዶውን ወጣ።

ከእኔ ዝቅ ብለው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ግን እስከዚያ ሦስት ቢልጫ አውጥተዋል። ተጠግቼ ሰላምታ ሰጠሁና «ጋሼ፣ የእርስዎ ትል ከየት የመጣ ነው?» አልኳቸው።

ሳቁ። «ትሉ አይደለም፤ ክርህ ነው» ብለው የራሳቸውን አሳዩኝ። በዋናው ክር ጫፍ ላይ እርሳስ ታስሯል። ከእርሳሱ ቀጥሎ ቀጠን ያለች ሌላ ክር አለች፤ ብትረዝም አንድ ስንዝር ነው። መንጠቆው ያለው በእሷ ጫፍ ላይ ነው። እርሳሱን ደግሞ ፋጉሎና ሊጥ ለውሰው እንደ ጭብጦ ጠቅልለውበታል።

«ለምን ስንዝር ብቻ?»

«ውሃው ደፍርሷላ! አሳው አያይም፤ በጢሙ እየዳሰሰ ነው የሚመጣው። ጭብጦውን ሲያገኝ መንጠቆውም አጠገቡ መሆን አለበት። በጥር ውሃው ሲጠራ ብትመጣ ክንድ ተኩል አድርጌው ታገኘኛለህ።»

«የቀጠነውስ?»

«ድንጋይ ከያዘው እሱ ይበጠስ፤ እርሳሴ ይትረፍልኝ።»

ጭብጦዋን ሳይ አንድ ያነበብኩት ነገር ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1770 ግሽ ዓባይ የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ በ1790 ባሳተመው ባለ አምስት ቅጽ የጉዞ መጽሐፉ ውስጥ በግብፅ ዓባይ ላይ «ቢኒ» የሚባለው አሳ እንዴት እንደሚጠመድ ተርኳል። አጥማጁ ጭቃ፣ ዱቄት፣ ዘይት፣ ማርና ገለባ አንድ ላይ በእግሩ ይረግጣል። የተቆራረጠ ቴምር ይሰገስግበታል። በእምብርቱ ውስጥ ቴምር የተሰካባቸው ሰባት ስምንት መንጠቆዎች ይቀብራል፤ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጠንካራ ሲባጎ አላቸው። ይህን ጉድ በአየር በተነፋ የፍየል ቆዳ ላይ ጭኖ ወደ መሀል ወንዝ ይወስድና ያሰምጠዋል። ሲባጎዎቹን ሳይወጥር ወደ ዳር ያመጣና እያንዳንዱን ቃጭል ከተንጠለጠለበት የዘንባባ ዝንጣፊ ጋር ያስራል። ከዚያ ወደ እርሻው ወይም ወደ እንቅልፉ! ዘይቱ ውሃውን ለጊዜው ይመክታል። ቀስ በቀስ ግን ጭቃው ይፈርሳል፤ ማር የነካው ቴምር በውሃው ይወርዳል። አሳው ፍርፋሪውን እየለቀመ ሽቅብ ይመጣና ቴምሩን ከነመንጠቆው ይውጣል፤ ቃጭሉ ይጮሃል።

ብሩስ በዘመኑ ቀጣፊ ተብሏል። ይህን ግን አምነዋለሁ፤ በአዋሽ ዳር በፋጉሎ ሲሠራ አይቻለሁና። የአውሮፓ አጥማጆችም በቅርብ አሥርት ዓመታት በእርሳስ ላይ መኖ ጠፍጥፈው አጭር ክር ማሰርን እንደ አዲስ ብልሃት ይዘውታል።

ቢኒ የቢልጫ ዘመድ ነው። አራት ጢም አለው፤ መንጋጋው ጥርስ የለውም፣ የሚፈጨው በጉሮሮው ጥርስ ነው። ክር ረዝሞለት መንጠቆውን ከዋጠ ጉሮሮው ላይ ያለው ጥርስ ክሩን ያኝከዋል፤ አሳውም አይተርፍም። ክሩ አጥሮ እርሳሱ ከከበደ ግን መንጠቆው ከንፈሩ ላይ ይቀራል። ጋሼ ይህን አላብራሩልኝም፤ ሦስቱም ቢልጫዎች የተያዙት ግን በከንፈራቸው ነው።

የዚህ አሳ ታላቁ ቤተሰብ ያለው ጣና ነው። እዚያ «ነጭ አሳ» ይሉታል። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ በርከት ያሉ ዓይነቶቹን ለይቶ ጽፎ ነበር። በ1973 ግን አንድ ሊቅ የጣናዎቹን ጠቅልሎ አንድ ዝርያ አደረጋቸው። የሆላንድ ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ መልሰው ሲመረምሩ ጣና ውስጥ ብቻ ከ15 የማያንሱ ዝርያዎች እንዳሉ ተረጋገጠ። ስምንቱ ሌላ አሳ የሚበሉ ናቸው፤ መንጋጋው ጥርስ ለሌለው ወገን ይህ ብርቅ ነው።

ብርቅነቱ ሳይታወቅ ግን መረቡ ቀድሞ ገብቷል። በ1986 ሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ጣና ላይ ተጀመረ። ነጭ አሳ በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ይወጣል፤ መረቡም የሚጠብቀው አፋፋቸው ላይ ነው። ወንዞቹ ውስጥ ደግሞ ብርብራ አለ። ፍሬው ተወቅጦ ሲበተን ከነእንቁላሉ የመጣው ትልቁም ትንሹም ደንዝዞ ይንሳፈፋል። ከ1991 እስከ 2001 በነበሩት አሥር ዓመታት ወደ ዳር የሚወጣው ነጭ አሳ በክብደት ሦስት አራተኛ ያህል እንደ ቀነሰ ተመራማሪዎች ጽፈዋል፤ ምክንያት ያደረጉትም መረቡንና ብርብራውን ነው።

ሰበታ ሐይቅ የላትም፤ ብሔራዊው የአሳ ምርምር ማዕከል ግን እሷ ዘንድ ነው። ስለ ጣናው ማለቅ ለጋሼ ስነግራቸው «ብርብራ የሰነፍ ነው» ብለው ዝም አሉ። ቀጥለው ናይለኔን ቆረጡልኝ፤ ከራሳቸው ቀጭን ክር በስንዝራቸው ለክተው አሰሩልኝ።

ወደ አሥር ሰዓት ገደማ አንድ ያዝኩ። ሆዷ በእንቁላል ተወጥሯል። መንጠቆው ከንፈሯ ላይ ነበር። ጋሼን አየኋቸው፤ እሳቸው ውሃውን ነው የሚያዩት። መንጠቆውን አላቅቄ ለቀቅኳት።