ከሙጫ ማሰሮ እስከ ኤፖክሲ፤ ስለ ማጣበቂያ ታሪክ

በጥንታዊቱ ቴብስ፥ የቱትሞሲስ 3ኛ ታላቅ ሹም በነበረው በሬክሚሬ መቃብር ግድግዳ ላይ፥ አናጢዎች በሥራ ላይ ሳሉ ተሥለዋል። የሙጫው ማሰሮም በእሳት ላይ ተጥዶ ይታያል። ሠዓሊው ይህን ያለ ምክንያት አልጨመረውም። ከከብት ቆዳና አጥንት ተቀቅሎ የሚወጣው ሙጫ ሲሞቅ ይፈስሳል፥ ሲደርቅ ይጠነክራል፤ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው ግን ተመልሶ ይለቅቃል። (የእኛ አናጢዎች ኮላ የሚሉት ስም ከጣልያንኛ የመጣ ነው።)

ይህ የመልቀቅ ጠባይ ለዘመናት እንደ ጉድለት ሲቈጠር ኖሯል። የ20ኛው ምእት ዓመት ሊቃውንትም ጉድለቱን ለማስቀረት ደከሙ። የስዊሱ ኬሚስት ፒየር ካስታን በ1930ዎቹ ከደከሙበት ሥራ፥ ሁለት ነገሮች ተደባልቀው የሚጠነክሩበት ኤፖክሲ ተገኘ። አሜሪካዊው ሃሪ ኩቨር ደግሞ በ1942 ለመሣሪያ ማነጣጠሪያ የሚሆን ጥርት ያለ ፕላስቲክ ሲፈልጉ ሲያኖአክሪሌትን አገኙ፤ የነካውን ሁሉ ስለሚይዝ ግን ተዉት። ጥቅሙ የታወቀው በ1951፥ ለገበያ የወጣውም በ1958 ነው። ሲያኖአክሪሌት በጥቂት እርጥበት ፈጥኖ ስለሚጠነክር በደንብ ለሚገጥም ስብራት ይስማማል፤ ክፍተት ላለው ስብራት ኤፖክሲ ይሻላል። ለወንበር እግር ወይም ለማሰሮ እጀታ ከዚህ የበለጠ ምርመራ አያስፈልግም።

ለቅርስ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሃዋርድ ካርተር በ1925 ያገኙት፥ ከ10 ኪሎ በላይ የሚመዝነው የቱታንክአሙን የወርቅ ጭንብል ጢም በ2014 በካይሮ ቤተ መዘክር ሳለ ተላቀቀ። ሠራተኞቹም ፈጥነው በኤፖክሲ አጣበቁት። ሙጫው ከመጋጠሚያው ተርፎ በግልጽ ይታይ ነበር። ጥፋቱ የማጣበቂያው ድካም ሳይሆን ብርታቱ ነበረ፤ ብርቱ ሙጫ የጠጋኙን ስሕተት ከዕቃው ጋር አብሮ ያጸናልና፥ ኋላ የሚመጣው ጠጋኝ ሊያርመው ሲሻ ዕቃውን ራሱን እስከ መጕዳት ይደርሳል።

በ2015 ጀርመናዊው የቅርስ ጥገና ባለሙያ ክሪስቲያን ኤክማን ከባልደረቦቻቸው ጋር ጭንብሉን በመጠኑ አሙቀው፥ ወርቁን እንዳይጭሩት በእንጨት መሣሪያ ኤፖክሲውን ጥቂት በጥቂት አነሡት። በ2016 መጀመሪያ ስምንት የቤተ መዘክሩ ሠራተኞች ለዲሲፕሊን ፍርድ ቀረቡ። ጢሙን መልሰው ያያዙት የጥንቶቹ ግብፃውያን ይጠቀሙበት በነበረው በንብ ሰም ነው።