ላርስ ነው

እስቲ ጠጋ በሉ፤ ቡናው እስኪፈላ ይህችን ላውጋችሁ። ነገሩ የደጀን ነው። ደጀንን የማያውቅ ካለ፣ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ ጎሐ ጽዮን ላይ ቁልቁል ተወርውሮ፣ ዓባይን በድልድይ ተሻግሮ፣ የወረደውን ሁሉ መልሶ ሽቅብ ሲወጣ፣ ጆሮው ተደፍኖ ከርሞ የሚከፈትባት ከተማ ናት። 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው መንገዱ። የእኔ ታሪክ ግን ከዚያም ይርቃል፤ ሉክሰምበርግ ድረስ ይሄዳል።

አክስቴ ደጀን ዙሪያ ጤፍ አምራች ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ መሬቷን በእኩል አሳርሳ ትኖራለች። ያለቻት አንድ ልጅ ናት፤ ልጅቱ በትምህርት ሉክሰምበርግ ሄዳ እዚያው አግብታ ቀረች። ኅዳር 2017 ላይ ስልክ ደወለች። «እማ፣ ጥር ላይ እገላገላለሁ። ማን ያርሰኛል?» አለቻት። አክስቴ ስልኩን ሳትዘጋ ነጠላዋን አነሣች። ለእሷ ሉክሰምበርግ ማለት ከጎሐ ጽዮን ትንሽ ከፍ ያለ መንገድ ነበር።

«ቪዛ ያስፈልጋል» አልኳት።

«ልጄን ለማረስ?»

«አዎ።»

«ማንን ነው የምጠይቀው?»

ይኸን ለማስረዳት ከወንዝ መጀመር ነበረብኝ። ሉክሰምበርግ 2,586 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ብቻ የሆነች አገር ናት፤ የእኛ ምሥራቅ ጎጃም በስንት እጥፍ ይበልጣታል። በዚህች አገር ጫፍ፣ ጀርመንና ፈረንሳይ በሚገጥሙበት ዳር፣ ሞዜል የሚባል ወንዝ አለ። ከወንዙ ዳር ሸንገን የምትባል የወይን ጠጅ መንደር አለች። እንደ እነሱ በ1985፣ በእኛ ሰኔ 7 ቀን 1977፣ የአምስት አገር ሰዎች እዚያ ወንዝ ላይ በቆመች ጀልባ ተቀምጠው፣ በመካከላችን ያለውን የድንበር ኬላ እናንሣ ብለው ፈረሙ። በ77 እኛ ረኀብ ላይ ነበርን፤ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ዛሬ ማኅበርተኛው 29 አገር ደርሷል፤ የአንዷን መንደር ስም ይዘው በአንድ ቪዛ ያስገባሉ። በውስጥ የነበረው ኬላ ተነሥቷል፤ በውጭ ያለው ግን ጠብቋል።

አክስቴ ሰምታ ሰምታ፣ «እንግዲህ ወንዝ ዳር ያለች መንደር ሁሉ በር ናት» አለች። የደጀን ሰው ስለሆነች ገባት።

ወረቀት ስንሰበስብ ከረምን። ፓስፖርቱ ከተመለሱ በኋላ ሦስት ወር የሚቆይ፣ ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ የወጣ፣ ሁለት ባዶ ገጽ ያለው መሆን አለበት። ይኸስ ቀላል ነው። ከዚያ ኢንሹራንስ መጣ፤ ሽፋኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ ሆኖ፣ ሕክምናንም፣ ሰው ቢሞት አስከሬን መመለስንም የሚጨምር።

«አስከሬኔን ጭምር?» አለች አክስቴ።

«ጭምር።»

«ታዲያ ዕድሬስ ምን ሊሠራ ነው?» ሃያ ዓመት ሙሉ የከፈለችው መዋጮ ትዝ አላት መሰለኝ፣ ያን ቀን ብዙ አልተናገረችም።

ስሙ ደግሞ አለላችሁ። ፎርሙ የቤተ ሰብ ስም ይላል፤ እኛ የቤተ ሰብ ስም የለንም። የአክስቴ ሦስተኛ ስም የአያቷ ነው፤ የልጅቱ ሦስተኛ ስም የአባቷ አባት ነው። ለፈረንጅ እናትና ልጅ ጭራሽ የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች ናቸው። ስለዚህ የልጅቱ የልደት ምስክር ወረቀት ይውጣ ተባለ። ልጅቱ የተወለደችው ቤት ውስጥ፣ ጥር 1984 ነው። ጸሐፊው ወደ ፈረንጅ ሲለውጠው 7 ዓመት ጨመረበትና 1991 አለው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ከሆነ 7 ነው የሚጨመረው፣ ከዚያ ወዲያ 8፤ ጥር ስለሆነ 1992 መሆን ነበረበት። በፓስፖርቷ ላይ 1992 ነው። አንዲት ዓመት ለማስተካከል ስንት ቀን እንደተመላለስን አልነግራችሁም፤ ቡናው ይቀዘቅዛል።

ዋስም ያስፈልጋል። ልጅቱ እዚያ ማዘጋጃ ቤት ሄዳ፣ ማደሪያዋም ምግቧም መመለሻዋም በእኔ ነው ብላ ፈረመች። ይኸንን አክስቴ ወዲያው ተረዳችው፤ በድሮ ዘመን እንግዳ ሲመጣ ባልደራባ ይመደብለት የለ? እሱ ነው።

ዋናው ጣጣ ግን ሌላ ነው፤ እንደምትመለሽ አረጋግጪ የሚለው። እንዴት ይረጋገጣል? አክስቴ ያላት መሬት ነው፤ መሬቱ ደግሞ በሕገ መንግሥቱ የማይሸጥ የማይለወጥ፣ ዋጋ የሌለው፣ የይዞታ ደብተር ብቻ ያለው ነው። ያላት ጎተራ ነው፣ በሬ ነው፣ ባሕር ዛፍ ነው። የቪዛው መስኮት ግን የባንክ ሒሳብ መግለጫ ይላል። አንድ ዘመናይ ዘመዳችን «ገንዘብ ይግባ» ብሎ መከረ። ጥማድ በሬ ነበራት፤ አንዱን ሸጠን ብሩን አስገባን። አሁን ሳስበው የምትመለስበትን ምክንያት ሸጠን እንደምትመለስ ልናስረዳ ነበር የሄድነው። ደግሞ ባንክ ውስጥ ድንገት ዱብ ያለ ገንዘብ ከሌለው የከፋ መሆኑን ማን ይነግረን!

በዚህ ላይ ጊዜው። ሚያዝያ 2016 ላይ የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት፣ ኢትዮጵያ ያለ ፈቃድ የሚኖሩ ዜጎቿን በመቀበል አልተባበረችም ብሎ የቪዛውን ነገር አጠበቀብን። የ15 ቀኑ ውሳኔ 45 ቀን ሆነ፤ ብዙ ጊዜ የሚያስገባው ቪዛ ቀረ። የማመልከቻው ዋጋ በዚያው ዓመት ከ80 ወደ 90 ዩሮ ወጣ፤ የብሩ ዋጋ ደግሞ ከሐምሌ ወዲህ እንደምታውቁት ወርዶ ነበር። ቢከለክሏችሁም አይመልሱትም።

አዲስ አበባ ወረድን። ቀጠሮ የሚሸጥ ደላላ፣ ፎርም የሚሞላ ልጅ፣ ሁሉም አለ። እኔ ፎቶ ኮፒ ላስነሣ ወጥቼ ሳለ ልጁ አክስቴን ይጠይቃታል። «እናቴ፣ ለምንድን ነው የሚሄዱት?»

«ላርስ ነው።»

«ምን?»

«ልጄ ዘንድ ሄጄ ላርስ ነው አልኩህ እኮ!»

ልጁ አራስ ሲታረስ አላየ፣ ገንፎ ሲገነፋ አላየ፤ የእርሻ ሥራ ለመሥራት ብሎ በእንግሊዝኛ ጻፈላት። ሥራዋ ምንድን ነው ከሚለው ላይም ገበሬ ብሎ ጽፏልና ነገሩ ልክ ገጠመለት። ፈረመች። አሻራ ስትሰጥ ደግሞ ጣቷን ማጭድና መጅ በልቶታልና ማሽኑ እንቢ አለ፤ አራት ጊዜ አስጫኗት።

ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ መልሱ መጣ። በጥያቄሽ ዓላማ አላመንም፣ ጊዜው ሲያልቅ ትወጪያለሽ ብለንም እንጠራጠራለን የሚል፣ ሳጥኑ ላይ ምልክት የተደረገበት ወረቀት ነው። ለጥየቃ በሚሰጥ ቪዛ ልሥራ ላለ ሰው ምን ይበሉት! የፎርሙን ግልባጭ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ሳቄ መጣ፤ አክስቴን ሳያት ተመለሰ።

«እንዳልመለስ ፈሩ?» አለች። «እኔ እዚያ ምን ልሆን? አጨዳዬን ማን ሊጠብቅልኝ?»

ይኸን ፍርሃት እኛም እናውቀዋለን፤ ግን በተገላቢጦሹ። ፔሮ ዳ ኮቪልሃም የሚባል ፖርቱጋላዊ ከ500 ዓመት በፊት ወደ አገራችን መጣ። ነገሥታቱ በክብር ተቀበሉት፤ ርስት ሰጡት፣ ሚስትም አገባ፣ ልጆችም ወለደ። ልሂድ ሲል ግን አይሆንም አሉት። በ1520 እንደ እነሱ አቆጣጠር የፖርቱጋል መልእክተኞች ሲመጡ እዚሁ አገኙት፤ አልቅሶ ተቀበላቸው ይባላል። እኛ የገባውን እንዳይወጣ ከለከልን፣ እነሱ ያልገባውን አይወጣም ብለው ይፈሩታል።

ልጅቱ ጥር ላይ ወንድ ልጅ ተገላገለች። ጎረቤቷ፣ አንዲት የፖርቱጋል ሴት፣ ሾርባ ሠርታላት አረሰቻት። ክርስትናው በ40 ቀኑ ሲነሣ አክስቴ በስልክ እልል አለች።

ከፋሲካ በኋላ እንደገና ገባን። በዚህ ጊዜ ፎርሙን እኔ ሞላሁ። የይዞታ ደብተሩ ተተርጉሞ ገባ፣ የዕድሩ ደብዳቤ ገባ፣ የበሬው ገንዘብም ባንክ ውስጥ ስድስት ወር ተኝቶ ጨዋ ሆኖ ነበር። አሻራው ለ59 ወር ያገለግላልና ጣቷን ሁለተኛ አልነኩባትም። ሰኔ ላይ የ30 ቀን፣ ለአንድ ጊዜ መግቢያ የሚሆን ቪዛ ተለጠፈላት።

ጓዝ ስትሸክፍ ደግሞ ሌላ ጦርነት ተነሣ። ለአራስ ያነጠረችው ቅቤ አይገባም፤ ሥጋና የወተት ውጤት ከውጭ ወደ አውሮፓ በሻንጣ ማስገባት ክልክል ነው። ማር እስከ ሁለት ኪሎ ይፈቀዳል፤ በርበሬና የገንፎ ዱቄትም ያልፋል። ቅቤውን አውጥቼ ለእኔ አስቀረሁት፤ እስከ ዛሬ አልረሳችልኝም።

ፍራንክፈርት ላይ ወረደች። ማኅተሙን የመታላት የጀርመን ፖሊስ ነው፤ የመመለሻ ቲኬቷንና የልጅቱን ደብዳቤ አይቶ አሳለፋት። ከዚያ ወደ ሉክሰምበርግ ስትገባ ማንም አልጠየቃትም። «ድንበሩ የት አለ?» ብላ መኪናው ውስጥ ስትፈልግ አለፈችው። አገሩ ውስጥ ደግሞ አውቶቡስና ባቡር ከ2020 ወዲህ ለሁሉም በነፃ ነው። በወጣች ቁጥር ለሾፌሩ ሳንቲም ታሳያለች፤ እሱም በእጁ ይመልሳታል።

በ28ኛው ቀን ተመለሰች፤ ለፍልሰታ ደረሰች። በሬውን መልሳ ገዝታለች፤ በተሸጠበት ዋጋ ግን አይደለም።

ቪዛዋ ያው ለአንድ መግቢያ ነበርና አልቋል። ልጅቱ ዘንድሮ ሁለተኛ ይዛለች። ትናንት ማታ ከአክስቴ ጋር ኩራዝ ሥር ቁጭ ብለን አዲሱን ፎርም ጀመርን። የጉዞ ዓላማ ከሚለው ላይ ስንደርስ «ላርስ ነው በል» አለችኝ። እኔ ቤተ ሰብ ጥየቃ የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አደረግሁ።