ካውቶኬይኖ፦ የአጋዘን መንገድና የነገሥታት ወሰን

ከሰሜን ዋልታ ክበብ ማዶ፣ ኖርዌይ ከፊንላንድ በምትዋሰንበት ከፍታ ላይ፣ ካውቶኬይኖ የሚባል የሳሚ ሕዝብ አገር አለ። ለዚህ ሕዝብ አጋዘን ሲሳዩም ልብሱም የጭነት እንስሳውም ነበርና፣ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ የራሱን ምልክት በግልገሉ ጆሮ ላይ በቢላ እየሸረፈ መንጋውን ከሌላው መንጋ ይለያል፤ በብርዱም ወራት እንስሳው በረዶውን በኮቴው ጭሮ የድንጋይ ሽበት በሚበላበት ደጋ ከርሞ፣ በረዶው ሲላላ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ይወርዳል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1751 ዓ.ም.፣ ኖርዌይን ይገዛ የነበረው የዴንማርክ መንግሥት ከስዊድን ጋር ወሰን ሲካለል፣ በውሉ ላይ ስለ ሳሚዎች የተለየ ክፍል ተጨምሮ፣ መንጋቸውን ይዘው እንደ ልማዳቸው ወሰኑን እንዲሻገሩ ተፈቀደላቸው፤ ነገሥታት ምድር ሲከፋፈሉ እረኛን ማስታወሳቸው እምብዛም አይታይምና ሊመሰገኑበት ይገባል። ነገር ግን እስከዚያ በስዊድን ሥር የነበረችው ፊንላንድ በ1809 ለሩሲያ ቄሣር ካደረች በኋላ ክርክሩ እየከረረ ሄዶ፣ በ1852 ሴፕቴምበር ወሰኑ ተዘጋ።

በዚያው ዘመን፣ ሌስታዲየስ የተባለው የስዊድን ሉተራዊ ቄስ ያስነሣው የንስሐ ስብከት በእረኞቹ መካከል እንደ እሳት ተቀጣጥሎ፣ አረቄንና አረቄ ሻጭን አጥብቆ ያወግዝ ነበር። ወሰኑ በተዘጋበት ዓመት ኖቬምበር 8 ቀን ከምእመናኑ አንዳንዶቹ ወደ ካውቶኬይኖ ገብተው ነጋዴውንና የመንግሥቱን ሹም ገደሉ፤ የነጋዴውን ቤት አቃጠሉ፤ የአጥቢያውንም ቄስ ገረፉ፤ ሁከተኞቹንም የያዟቸው ሌሎች ሳሚዎች ነበሩ። ብዙዎች ነገሩን ሁሉ በሃይማኖት ግለት ብቻ ቢያመካኙም፣ ከወሰኑ ማዶ ያለው ግጦሽ በተዘጋ በሁለተኛው ወር የሆነውን ሁከት ከግጦሹ ለይቶ መመርመር ለእኔ ፍርደ ገምድልነት ይመስለኛል።

መሪዎቹ አስላክ ሄታና ሞንስ ሶምቢ በ1854 ኦክቶበር 14 ቀን በአልታ አንገታቸው ተቀላ፤ ራሳቸውም ለሊቃውንት ምርምር ተብሎ ተወስዶ፣ ለሥልጣኔ ዘመን ነውር በሚሆን ሁኔታ፣ እስከ 1997 ድረስ ሳይቀበር ቆየ።

የአስላክ ወንድም ላርስ በሁከቱ ጊዜ የ18 ዓመት ወጣት ነበረና የሞት ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠለት፤ በወኅኒ ሳለም ቅዱሳት መጻሕፍትን ወደ ሳሚ ቋንቋ መተርጎም ጀምሮ፣ በ1867 በምሕረት ከተፈታም በኋላ በብሉይ ኪዳን ትርጓሜ ደክሟል። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1895 ታተመ፤ ላርስም በማግሥቱ ዓመት ዐረፈ።