የባሕር ሞገድ ለካው ራዳር በአፋር ምድር



የባሕር በር የሌላት አገር ስለ ውቅያኖስ ሞገድ ልኬት ምን አገባት የሚል ከመካከላችሁ አይጠፋም። መልሱ በመሣሪያው ታሪክ ውስጥ ይገኛል።

እ.ኤ.አ. በጁን 1978 አሜሪካ ባሕርን በራዳር የምታጠና «ሲሳት» የተባለች ሳተላይት አመጠቀች። ከመሣሪያዎቿ አንዱ የሬድዮ ምት ወደ ታች ልኮ ተመላሹን ይቀበላል። ባሕሩ ጸጥ ካለ ምቱ በአንድ አፍታ ይመለሳል፤ ሞገድ ሲኖር ግን አስቀድሞ ከሞገዱ ጫፍ፣ ቀጥሎም ከሥሩ ስለሚመለስ ይንዘላዘላል። የሞገዱ ከፍታ የሚሰላው ከዚህ መንዘላዘል ነው። መርከበኛ በዓይኑ ገምቶ ይመዘግብ የነበረው ነገር ከሕዋ የሚለካ ሆነ። ሲሳት በኤሌክትሪክ ብልሽት ከአራት ወር በታች ብትሠራም ፈለጓን አውሮፓውያን ተከተሉ፤ በ2002 ያመጠቋት «ኤንቪሳት» ምስል የሚያነሣ ራዳር ነበራት። ይህ ራዳር ውቅያኖስ ላይ ሲያልፍ የሞገዱን ርዝመትና አቅጣጫ፣ የብስ ላይ ሲያልፍ ደግሞ የመሬቱን ገጽ ይመዘግባል።

በሴፕቴምበር 2005 በአፋር፣ ዳባሁ አካባቢ ምድር ተናወጠች፤ አመድም ወጣ። የኤንቪሳት የፊትና የኋላ ምስሎች ሲነጻጸሩ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ቀጠና እስከ 8 ሜትር ድረስ ተከፍቶ ተገኘ፤ ቅልጥ ዐለት ከሥር ገብቶ ነበር። በ2006 «ኔቸር» ላይ በወጣው ጥናት ከእንግሊዛዊው ቲም ራይት ጋር አታላይ አየለና ገዛኸኝ ይርጉ ተሳትፈዋል።

ይህን ታሪክ «ሳተላይት አገኘው» ብለው የሚተርኩ አሉ። አባባሉ አይዋጥልኝም። አመዱን ያዩት አርብቶ አደሮች ናቸው፤ ንውጥውጡንም በምድር ላይ ያሉ መሣሪያዎች መዝግበውታል። የራዳሩ ድርሻ ልኬቱ ነበር፤ በዚያ በረሃ ያን ያህል ስፋት በእግር ተዘዋውሮ የሚለካ ማን አለ? (ሥፍራው ከሚሊዮኖች ዓመታት በኋላ ባሕር እንደሚሆን የሥነ ምድር ሊቃውንት ይናገራሉ፤ ያን ጊዜ ሞገዱም የሚለካ ይሆናል።)

ከጉለሌ በላይ፣ እንጦጦ ላይ፣ በዲሴምበር 2019 ከቻይና የመጠቀችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን መረጃ ትልክበት የነበረው ጣቢያ አለ። እርሷ ግን የያዘችው ካሜራ ነበር፤ የክረምት ደመና ይጋርዳት ነበር። ራዳር ደመናም ሌሊትም አያግደውም። ከ2014 ጀምሮ የሴንቲኔል-1 የራዳር ምስሎች በነፃ ይታደላሉ፤ እንጦጦ ያለ ተማሪ ሊድስ ካለው እኩል ያወርዳቸዋል። ስለዚህ የራዳር ምስል ንባብ ከመጀመሪያ ዲግሪ ጀምሮ መሰጠት አለበት ባይ ነኝ። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በፈንታሌና በዶፈን መካከል ቅልጥ ዐለት ምድርን ሰንጥቆ ሲገባ የመሬቱ መላቀቅ የታየው በእነዚሁ ምስሎች ነው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነሥተዋል፤ መንቀጥቀጡም እዚህ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል።