ጥቁር አዝሙድና አንቲባዮቲክ በአንድ ራስጌ

በልደታ ክፍለ ከተማ በሚገኘው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በሽተኛ ሊጠይቅ የሚሄድ ቤተሰብ ባዶ እጁን አይገባም። ከሾርባው ፔርሙዝ ጎን አንዳንዴ በማር የተለወሰ ጥቁር አዝሙድ፣ አንዳንዴም የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት ይኖራል። ነርሷ የምትሰጠው አንቲባዮቲክም እዚያው ራስጌ ነው። ጥቁር አዝሙድ ፈውስ እንዳለበት በሐዲስ መነገሩን የማያውቅ ሙስሊም ቤተሰብ የለምና እናቶቻችን ሁለቱን አንድ ላይ ለመስጠት አያመነቱም። ታዲያ ሁለቱ ሆድ ውስጥ ሲገናኙ ይረዳዳሉ ወይስ ይጣላሉ?

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚፈለግበትን መንገድ ከጠረጉት አንዱ ኢብን ሲና (980–1037 እ.ኤ.አ.) ነው። «አል-ቃኑን» ከተሰኘው ሥራው አምስት መጻሕፍት ሁለተኛውን ለነጠላ መድኃኒቶች፣ አምስተኛውን ለቅይጦች መደበ። በሁለተኛው መጽሐፍ አንድ መድኃኒት የሚፈተንባቸውን ሰባት መስፈርቶች አስቀምጧል። መድኃኒቱ የሚሞከረው በተደራረበ በሽታ ላይ ሳይሆን በነጠላ በሽታ ላይ ይሁን፤ ውጤቱ አንዴ ሳይሆን ደጋግሞ ይታይ፤ ፈተናው በሰው ላይ ይደረግ፤ በአንበሳ ወይም በፈረስ ላይ የታየው ለሰው ማስረጃ አይሆንምና! በዚህ ሚዛን ካየነው ክኒንና አዝሙድ አንድ ላይ ወስዶ የዳነ ሰው የትኛው እንዳዳነው ሊናገር አይችልም።

ፔኒሲሊንን በ1928 እ.ኤ.አ. ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ሲቀበል፣ መድኃኒቱን ከልኩ አሳንሶ መውሰድ ባክቴሪያን እንደሚያለማምድ አስጠንቅቆ ነበር። ሰሚ ግን አላገኘም። በ2019 እ.ኤ.አ. ብቻ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ቀጥተኛ ምክንያት 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደሞተ ተገምቷል። ባክቴሪያው ከሚጠቀምባቸው ዘዴዎች አንዱ በገላው ላይ ያለ ፓምፕ ነው፤ የገባውን መድኃኒት መልሶ ይተፋዋል።

ዕፅዋት ተስፋ የሰጡት እዚህ ላይ ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በርበሪስ የሚባለውን እሾሃማ ቁጥቋጦ ሲመረምሩ፣ ባክቴሪያ ገዳይ ከሆነው ቅመሙ ጋር ይኸንኑ ፓምፕ የሚደፍን ሌላ ቅመም አገኙ። ደፋኙ ለብቻው ባክቴሪያ አይገድልም፤ ለገዳዩ በር ይከፍታል እንጂ! በህንድም ከቁንዶ በርበሬ የሚወጣው ፒፐሪን ሪፋምፒሲን ከተባለው የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ጋር ተቀምሞ በገበያ ላይ ውሏል። ይህ ሁሉ ግን በሚሊግራም የተለካ እንጂ በማንኪያ የተጨለፈ አይደለም።

በአገራችንም በጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ትምህርት ቤት የኢትዮጵያን መድኃኒት ዕፅዋት ሲመረምር ኖሯል። ሆኖም በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ባክቴሪያ የገደለ ጭማቂ በሰው ደም ውስጥም ይገድላል ማለት አይደለም። ዶ/ር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የቢልሃርዝያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከዶ/ር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር ለዚህ ሥራ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ያገኙት ግን በ1989 እ.ኤ.አ. ነው። እንዶድን ወንዝ ላይ ለመርጨት እንኳ ይህን ያህል ዓመት ማስረጃ ሲጠየቅ፣ ለሚዋጠው ምን ያህል ሊጠየቅ ነው?

መጣላትም አለና። በ2002 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት፣ የነጭ ሽንኩርት እንክብል የወሰዱ ጤነኛ ሰዎች ሳኩዊናቪር የተባለው የኤች አይ ቪ መድኃኒት በደማቸው ውስጥ በግማሽ ያህል እንደወረደ አሳይቷል። ነጭ ሽንኩርቱን አቁመው 10 ቀን ከቆዩ በኋላም መጠኑ ሙሉ በሙሉ ወደ ነበረበት አልተመለሰም። በውጭ ግን ምንም የሚታይ ምልክት አልነበረም፤ ሐኪሙ ካልተነገረው በቀር ደም ሳይመረምር ሊያውቀው አይችልም።