የፈንጣጣው አባት

አዲስ አበባ ገና ሳትቆረቆር ፊንፊኔ ላይ አንድ የካቶሊክ ጳጳስ ይኖሩ እንደነበር ስንቶቻችን እናውቃለን? እኛ ለሚ ኩራ ያለን ሰዎች ሰፈራችን አዲስ ስለሆነ ነው መሰለኝ የከተማው ታሪክ ከምኒልክና ከጣይቱ የሚጀምር ይመስለናል። እስቲ ዛሬ ትንሽ ወደኋላ ልውሰዳችሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስማቸው ጉልዬልሞ ማሳያ ነው። የእኛ ሰው «አቡነ መሲያስ» ይላቸው ነበር። በ1809 ሰሜን ጣሊያን ውስጥ ተወለዱ፤ አድገው የካፑቺን መነኩሴ ሆኑ። በ1846 ሮም ለኦሮሞ ሕዝብ የሚላክ ተልእኮ ስታቋቁም እሳቸውን ጳጳስ አድርጋ ሾመች። ሐሳቡን ያቀረበው አገራችንን ዞሮ ያየው ፈረንሳዊው አንትዋን ዳባዲ ነው።

መሾሙ ቀላል ነበር፤ መድረሱ ግን ስድስት ዓመት ፈጀ። በሰሜን በኩል እንዳይገቡ የኦርቶዶክሱ ጳጳስ አቡነ ሰላማ አጥብቀው ተቃወሟቸው። በ1849 ምጽዋ ላይ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስን ጳጳስ አድርገው ቀቡና ሌላ መንገድ ፍለጋ ሄዱ። በመጨረሻ ስማቸውን ለውጠው፣ ነጋዴ መስለው፣ በሱዳን በኩል በ1852 ጉዱሩ ገቡ። ከዚያም እስከ ከፋ ዘለቁ።

ሕዝቡ ልብ ውስጥ ያስገባቸው ግን ስብከቱ ብቻ አልነበረም። ያኔ ፈንጣጣ መንደር ሙሉ ይጨርስ ነበር። እሳቸው ክትባት ያውቁ ነበርና መከተብ ጀመሩ። በዚያ ዘመን ማቀዝቀዣ የለ፣ መርፌ የለ፤ ክትባቱ ከአንዱ ሰው ክንድ ወደ ሌላው ክንድ ነበር የሚተላለፈው። ሰዉም «የፈንጣጣ አባት» አላቸው። ከጵጵስናውም ከካርዲናልነቱም ይልቅ ይሄ ስም ይበልጥብኛል፤ የሰጣቸው ልጁ የዳነለት ሰው ነዋ!

በ1868 ሸዋ ደረሱ። ወጣቱ ንጉሥ ምኒልክ አላሳልፍ ብለው እዚሁ አስቀሯቸው። ፊንፊኔ ላይ መሬት ሰጧቸው፤ አማካሪም አደረጓቸው። ከአውሮፓ ጋር ለሚደረገው መጻጻፍም ዋና ሰው ሆኑ። በ1876 የጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር ልዑካን በማርኪስ አንቲኖሪ መሪነት ሸዋ ሲመጡ ያገናኙት እሳቸው ነበሩ። ምኒልክም ለልዑካኑ አንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያን ሰጡ።

ነገሩ ግን እንደዚያው አልቀጠለም። በ1878 ምኒልክ ልቼ ላይ ለአፄ ዮሐንስ ገበሩ። በዚያው ዓመት የቦሩ ሜዳው ጉባኤ አንድ ሃይማኖት ብሎ ወሰነ። በ1879 የሰባ ዓመቱ ሽማግሌ ደብረ ታቦር ድረስ ተጠርተው ሄዱና ከአገር እንዲወጡ ታዘዙ። ምኒልክ ወዳጃቸውን ማዳን አልቻሉም።

ዮሐንስ ተሳስተው ነበር? እኔ እንደሚመስለኝ ከሃይማኖቱ ባሻገር አንድ ነገር አሽትተዋል። በዚያው በ1879 ፒዬትሮ አንቶኔሊ የሚባል ጣሊያናዊ ሸዋ ገባ። ከአሥር ዓመት በኋላ የውጫሌን ውል በጣሊያን በኩል የፈረመው እሱ ነው። አቡነ መሲያስ አገር ሊያስይዙ መጡ ማለቴ አይደለም፤ ሠላሳ አምስት ዓመት በእግር እየተንከራተተ፣ እየታሰረና እየተባረረ የሚኖር ሰላይ አላውቅም። ግን ደግ ሰው የከፈተው በር ደግ ሰው ብቻ አያስገባም።

በ1884 ጳጳሱ ሊዮ 13ኛ ካርዲናል አደረጓቸው። የኢትዮጵያ ትዝታቸውን በ12 ቅጽ ጽፈው፣ ውጫሌ በተፈረመ በሦስተኛው ወር፣ ነሐሴ 1889 አረፉ። መቃብራቸው ሮም አጠገብ ፍራስካቲ ነው።

የሚያሳዝነው ከሞቱም በኋላ አለመተዋቸው ነው። በ1939፣ አገራችን በፋሺስት እጅ ሳለች፣ ሕይወታቸው «አቡነ መሲያስ» ተብሎ ፊልም ተሠራበት፤ ቬኒስ ላይም የሙሶሊኒን ዋንጫ ተሸለመ። ወራሪው ሐኪሙን ባንዲራ አደረገው።

እኔ ግን ለፊልሙ ብዬ የተከተበውን ክንድ አልረሳም። ለክትባቱ ብዬም ውጫሌን አልረሳም። ሁለቱንም አብሮ መያዝ ይከብዳል፤ ታሪክ ማወቅ ማለት ግን ይሄው ይመስለኛል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?