መኪና ዝቅ ማድረግ ወይስ ቸርኬ መቀየር፤ የቱ ይቅደም?

ያገለገለች ቪትዝ ወይም ኮሮላ የገዛ ሰው መኪናዋን ሲላመዳት ዓይኑ የሚያርፈው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ያለው ሰፊ ክፍተት ሲሆን፣ ሁለተኛው ፋብሪካው የገጠመላት የብረት ቸርኬ ነው። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ሸጦ ሌላ ከመግዛት ይልቅ ያለችውን አሳምሮ መያዝ የሚሻለው ባለመኪና ጥቂት አይደለም። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ሲበቃ ጥያቄው ይከተላል። መጀመሪያ መኪናዋን ዝቅ ማድረግ ነው ወይስ ቸርኬውን መቀየር?

የሚያገኙት መልስ በጠየቁት ሰው ሙያ ይወሰናል። ጎሚስታው ቸርኬ ይቀይሩ ይላል፣ መካኒኩ ሞላ ይቀይሩ ይላል። እንጀራቸው ነውና አይፈረድባቸውም። ይሁን እንጂ ከሁለቱም በፊት መቆረጥ ያለበት አንድ ነገር አለ፤ እሱም የመኪናዋ የመጨረሻ ቁመት ነው። ገንዘቡ ቀድሞ ለቸርኬ ቢወጣ እንኳ መኪናዋ ስንት ሳንቲ ሜትር ዝቅ እንደምትል፣ ወይም ጭራሹን ዝቅ እንደማትል፣ ቸርኬው ከመገዛቱ በፊት መታወቅ ይኖርበታል።

ምክንያቱ በፓራፋንጎው ውስጥ ያለው ቦታ የተወሰነ መሆኑ ነው። ሞላው ሲያጥር ጎማው ወደ ፓራፋንጎው ዘልቆ ይገባል። ቸርኬው ሲሰፋ ደግሞ ጎማው ወደ ውጭም ወደ ውስጥም ቦታ ይወስዳል። ሁለቱ የሚሻሙት ያንኑ ቦታ ነው። ባልወረደች መኪና ላይ ምንም ሳይነካ ሲዞር የነበረ ጎማ ሞላው በ3 ሳንቲ ሜትር ሲያጥር መኪናዋ ጉድጓድ በገባች ቁጥር ከፓራፋንጎው ጠርዝ ጋር ሊፋተግ፣ መሪው እስከ መጨረሻው ሲጠመዘዝም የውስጡን ፕላስቲክ ሊቦጭቅ ይችላል። ያን ጊዜ የሚቀረው ወይ ፓራፋንጎውን ማስቀጥቀጥ ወይ አዲሱን ቸርኬ በኪሳራ መሸጥ ነው። ቁመቷ አስቀድሞ ከታወቀ ግን ቸርኬው የሚመረጠው በቀረው ቦታ ልክ ይሆናል።

ነገሩን በቁጥር እንየው። መኪናዋ 5.5 ኢንች ስፋትና 45 ሚሊ ሜትር ኦፍሴት ያለው ቸርኬ አላት እንበል። ኦፍሴት ማለት ቸርኬው ከመኪናዋ ጋር የሚታሰርበት ገጽ ከቸርኬው ወርድ መሐል ምን ያህል እንደራቀ የሚናገር ልክ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከቸርኬው ጀርባ በላቲን ኢ እና ቲ ፊደላት አጠገብ ተቀርጾ ይገኛል። ባለቤቱ 7 ኢንች ስፋትና 35 ሚሊ ሜትር ኦፍሴት ያለው ቸርኬ ቢገዛ የውጭ ጠርዙ ከቀድሞው በ29 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ይወጣል። የውስጥ ጠርዙ ደግሞ በ9 ሚሊ ሜትር ወደ ሾክ አብዞርበሩ ይጠጋል። በሱቅ መደርደሪያ ላይ ሲታይ ማንም የማያስተውለው ልዩነት ነው፤ ለትንሽ መኪና ፓራፋንጎ ግን ብዙ ነው።

የጎማውም ልክ እንዲሁ መሰላት አለበት። 175/65 አር 14 የሚል ጎማ ጠቅላላ ቁመቱ 583 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በምትኩ 195/45 አር 16 ቢገባ ቁመቱ 582 ይሆናል፤ ስለዚህ ፍጥነት መቁጠሪያው አይዛባም፣ መኪናዋ ከመሬት ያላት ርቀትም አይለወጥም። በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ያለው ክፍተትም እንዳለ ይቆያል። ትልቅ ቸርኬ ክፍተቱን ይሞላልኛል ብለው የሚገዙ ሰዎች የሚያዝኑት እዚህ ላይ ነው። የተቀነሰው የጎማው ጎን ብቻ ነው፤ ከ114 ሚሊ ሜትር ወደ 88። ይህ ጎን ደግሞ ጉድጓድ ሲመታ ቸርኬውን ከመጣመም የሚያድነው የአየር ትራስ ነው። ከጎማው ልክ ቀጥሎ የሚጻፈውን የጭነት ቁጥርም ያንብቡ። 82 ማለት አንዱ ጎማ 475 ኪሎ ግራም ይሸከማል ማለት ነው፤ 80 ከሆነ 450 ብቻ ነው። መኪናዋ ከፋብሪካ ከመጣችበት ቁጥር በታች የሆነ ጎማ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ፣ አይገዛም።

ሞላው ሲያጥር የሚሆነው

መኪናን ዝቅ ማድረግ ውበት ብቻ አይደለም። በትክክል ከተሠራ ክብደቷ ወደ መሬት ስለሚጠጋ በመታጠፊያ ላይ ማዘንበሏ ይቀንሳል። ዋጋው ግን ከሞላው መግዣ በላይ ነው። መኪናዋ 3 ሳንቲ ሜትር ስትወርድ ጎማው ጉብታ ሲመታ ወደ ላይ የሚሸሽበት ርቀትም በዚያው ልክ ያጥራል። ስለዚህ ለዚህ ተብሎ የሚሠራው አጭር ሞላ ከፋብሪካው ይልቅ ጠንካራ ነው። ለስላሳ ቢሆን ኖሮ መኪናዋ በየጉብታው ከጎሚኒው ጋር ትላተም ነበር። ጠንካራውን ሞላ ዓመታት ያገለገለ ሾክ አብዞርበር አይችለውም። በመሆኑም ሞላ ብቻ እቀይራለሁ ብሎ የገባ ሰው ብዙም ሳይቆይ አራት ሾክ አብዞርበር ሲገዛ ይገኛል። የሾክ አብዞርበሩን ዋጋ ከመነሻው በሒሳቡ ውስጥ ማስገባት ይሻላል።

ከዚያ አላይመንት ይከተላል። መኪናዋ ስትወርድ የፊት ጎማዎቹ አቋም ስለሚለወጥ ሳይስተካከል የተነዳ እንደሆነ ጎማው በውስጥ በኩል ብቻ ያልቃል፤ ከውጭ ሲያዩት ደህና ስለሚመስል የሚታወቀው ሽቦው ሲወጣ ነው። አዲሱ ሞላ ቦታውን እስኪይዝ አንድ ሁለት ሳምንት ጠብቆ አላይመንቱን እንደገና ማሳየት ተገቢ ነው። የፊት መብራቱም አቅጣጫ ይታይ።

እዚህ ላይ በርካሽነቱ ብዙዎችን ስለሚያማልለው ዘዴ መናገር ግድ ይላል። የፋብሪካውን ሞላ አውጥቶ አንድ ዙር ያህል በግራይንደር መቁረጥ፣ ከባሰም በእሳት አግሎ እንዲሟሽሽ ማድረግ ነው። የሞላው ጫፍ የሚቀመጥበት ቦታ ተለክቶ የተሠራ ነው። የተቆረጠ ጫፍ በደንብ አይቀመጥም፤ ሞላውም ስላጠረ መኪናዋ በክሪክ ስትነሳ ወይም ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲንጠለጠል ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል። በእሳት የተመታ ብረት ደግሞ ፋብሪካው የሰጠውን ጥንካሬ ያጣል፤ ዛሬ 3 ሳንቲ ሜትር የወረደው ከጊዜ በኋላ 5 ይሆናል፣ ያውም በአንድ ጎን። ልጆች ተጭነው ትምህርት ቤት የሚሄዱባትን መኪና ይቅርና የትኛዋንም መኪና ለዚህ አሳልፎ መስጠት አይገባም። ለሞላና ለሾክ አብዞርበር የሚሆን ገንዘብ ከሌለ ትክክለኛው ቁመት አሁን ያለችበት ነው።

ጭነው ይሞክሩት

ቁመቱን ለመወሰን አንድ ሳንቲም የማያስወጣ ፈተና አለ። መኪናዋን ደልዳላ ቦታ አቁመው ከጎማው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ርቀት በአራቱም በኩል ይለኩ። ከዚያ ከተፈቀደላት ጭነት ሳያልፉ ሰዎችን ያስገቡ፣ ኋላው ላይም ዕቃ ይጨምሩ፤ ርቀቱ ሊያወርዷት ባሰቡት ልክ እስኪቀንስ ድረስ። አሁን ያስጠጓትና ይመልከቷት፤ ከዚያ በየቀኑ በሚመላለሱበት መንገድ ቀስ ብለው ይንዷት። ማርሚታው የት ላይ ጫረ? የግቢው መግቢያ ላይ የፊት ባምፐሩ ነካ? ይህ ገና ባዶዋን ስትወርድ የምትሆነው ነው። ሰው ስትጭን ደግሞ ከዚያ በታች ትሄዳለች። ሳይለኩ በፊት መኪናዋ ከሞላው ሥር የላስቲክ ስፔሰር እንዳልገባባት ያረጋግጡ፤ የቀድሞው ባለቤት ከፍ አድርጓት ከሆነ ስፔሰሩን ማስወጣት ብቻውን የሚፈልጉትን ሊሰጥዎ ይችላል።

በአዲስ አበባ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት የተሠሩት ጎዳናዎች ብዙ ቦታ ለስልሰዋል። ነገር ግን ማንም ሰው ዋናው ጎዳና ላይ አያድርም። ወደ ሰፈር የሚያስገባው ኮብልስቶን፣ ነዋሪው በራሱ ያሠራው ቀለም የሌለው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ፣ በክረምት ውኃ የሞላበት ጉድጓድ አሁንም አሉ። መኪናዋን ከከተማ ውጭ ዘመድ ለመጠየቅ የሚጠቀምባት ሰው ደግሞ ጉዳዩን ሁለት ጊዜ ሊያስብበት ይገባል። በዚህ ጸሐፊ ግምት ለቤተሰብ መኪና ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ጣሪያው ነው። ፈተናውን ሠርተው ማርሚታው ከጫረባቸው መካከል ብዙዎቹ ሐሳቡን ትተው ገንዘቡን ለቸርኬ ቢያውሉት አይቆጫቸውም።

ቸርኬው የሚቀድምበት ጊዜ

ቁመቱ ከተወሰነ በኋላ የግዢውን ቅደም ተከተል የሚነግርዎ መኪናዋ ራሷ ነች። ሾክ አብዞርበሩ ዘይት ካፈሰሰ ወይም መኪናዋ ጉብታ ካለፈች በኋላ መወዛወዟን ካላቆመች፣ ያንን ማስቀየርዎ ስለማይቀር ሞላውም አብሮ ይቀየር፤ የመፍቻ የመግጠሚያ እጅ ዋጋና አላይመንት አንድ ጊዜ ብቻ ይከፈላል። ጎማዎቹ ካለቁ ደግሞ ቸርኬው ይቅደም፤ በአሮጌው ቸርኬ ላይ አራት አዲስ ጎማ ገዝቶ በዓመቱ ሌላ ልክ መግዛት ብክነት ነው። በዚህ ጊዜ መኪናዋ ወደፊት እንደምትወርድ ታስቦ ስፋቱ ጠበብ ያለ፣ ኦፍሴቱ ከፋብሪካው ብዙ ያልራቀ ቸርኬ ይመረጣል። ሁለቱም ደህና ከሆኑና ዝቅ ማድረጉ ከተቆረጠ ግን ሞላው ይቅደም። በፋብሪካው ቸርኬ ጥቂት ወራት ነድተው የቀረውን ቦታ በሜትር ለክተው ሲገዙ ስሕተት የመሥራት ዕድልዎ ይቀንሳል።

በኤሌክትሪክ የሚሠሩ መኪኖች ባለቤቶች ጥያቄው ለእነሱም እንደሆነ ሊያስቡ ይችላሉ። እንደ ቮልስዋገን አይዲ 4 እና የቢዋይዲ መኪኖች ባሉት ላይ ትልቁ ባትሪ የተዘረጋው ከወለሉ ሥር ነው። በቪትዝ ላይ ማርሚታን የሚጭረው ጉብታ እዚያ የሚያገኘው የባትሪውን መያዣ ነው። ክብደታቸውም ከፍ ያለ ስለሆነ ቸርኬም ጎማም ሲቀየር የጭነት ቁጥሩ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እነዚህን መኪኖች ዝቅ ማድረግ በእኛ መንገድ የሚመከር አይደለም።

ሶማሌ ተራ ወርደው ያገለገለ የአሉሚኒየም ቸርኬ የሚገዙ ከሆነ ቀለሙን ትተው ጀርባውን ይመልከቱ፤ የብየዳ ምልክት ያለበትን ይተዉት። ባላንስ ማሽን ላይ ሲዞር ጠርዙ የሚዋልል እንደሆነም ይዩ። የቡሎን ቀዳዳዎቹ ቁጥርና ርቀት ከመኪናዋ ጋር መግጠሙ አይበቃም፣ የመሐሉ ቀዳዳም አለ። ለምሳሌ የቪትዝ 54.1 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከዚያ የሰፋ ከሆነ መሐሉን የሚሞላ ቀለበት ያስፈልገዋል፣ ካልሆነ በፍጥነት ሲነዳ መሪው ይንቀጠቀጣል። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ዳዶው ነው። ቶዮታ ከራሱ የአሉሚኒየም ቸርኬ ጋር የሚሰጠው ዳዶ ጠፍጣፋ ሪንግ ያለው ነው። ከሌላ አምራች የመጣ ቸርኬ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሾጣጣ ዳዶ ይፈልጋል። የማይገጥመው ከታሰረበት የጠበቀ መስሎ ይቆይና መንገድ ላይ ይላላል። የቪትዝም ሆነ የኮሮላ የጎማ ዳዶ የሚጠብቀው በ103 ኒውተን ሜትር ነው፤ ቶርክ ቁልፍ ያለው ጎሚስታ ይፈልጉ፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዱ በኋላም ተመልሰው ያስጠብቁት።